ከዝማሜ እስከ ጽፋት፦ ስለ ልብ ወለድ ጽሕፈትና ስለ ደከመች ብዕር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የኪነ ጥበብ ክፍል ከምታገለግሉ ወጣቶች ሁለት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ይቀርቡልኛል። አንደኛው በጉባኤ መካከል በግልጽ የሚነሣ ነው፤ «ልብ ወለድ መጻፍ ለክርስቲያን ይገባዋልን?» ይላል። ሁለተኛው ግን መርሐ ግብሩ ካለቀ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ነው፤ «የመጻፍ ፍላጎቴ ጠፋ፤ ምን ላድርግ?» የመጀመሪያውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው የእኔም ጥያቄ ስለ ሆነ ረዘም አድርጌ እንድመለከተው ፍቀዱልኝ።

ንጉሥ ዳዊት በኦርዮ ላይ የፈጸመውን በደል ነቢዩ ናታን በቀጥታ አልነገረውም። አንዲት ታናሽ በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻና ብዙ መንጋ ስለ ነበረው ባለጸጋ ተረከለት፤ ንጉሡም በማያውቀው ሰው ላይ ተቆጥቶ ሲፈርድ በራሱ ላይ ፈረደ። ያቺ በግ በየትኛውም በረት ውስጥ አልነበረችም። ጌታችንም ስለ ጠፋው ልጅ ሲያስተምር ታላቅ ወንድሙን ከደጅ እንደ ቆመ ትቶት ምሳሌውን ይፈጽማል፤ ገባ ወይስ ቀረ? አልተነገረንም። መምህራኑ በአንድምታው ትርጓሜ መካከል «ታሪክ» እያሉ የሚያመጧቸውን ትረካዎች ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው፣ ትረካ በቤተ ክርስቲያን እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል። ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይበቃል።

ለሁለተኛው የከተማችንን ልጅ ልጥራ። ደራሲ ብርሃኑ ዘርይሁን በ1926 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀመሱ፤ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ወርደው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ እንጀራቸው ግን ጋዜጠኝነት ሆነ፤ በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣም በአዘጋጅነት ሠሩ። በ1952 ዓ.ም. «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ «ድል ከሞት በኋላ»፣ «የበደል ፍጻሜ»፣ «አማኑኤል ደርሶ መልስ»፣ «የቴዎድሮስ እንባ»፣ በሦስት ክፍል የወጣው «ማዕበል»፣ በመጨረሻም «የታንጉት ምስጢር» ተከተሉ። ከዚህ ብዙው ከጋዜጣ ሥራ ጋር ጎን ለጎን የተጻፈ ነው። የጋዜጣ ሰው ነገ ጠዋት የሚወጣ ወረቀት አለበት፤ «ዛሬ መንፈሴ አልተነሣሣም» ብሎ ገጹን ባዶ ሊተወው አይችልም።

ስለ እርሳቸው የጻፉ ሁሉ አጥብቀው የሚያነሡት ነገር አንድ ነው፤ ዐረፍተ ነገራቸው አጭርና ጥርት ያለ መሆኑን። ይህ ለዛሬ አንባቢ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። የአማርኛን ጠባይ ያየ ግን እንደዚያ አይለውም። በቋንቋችን ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። «ሄዶ»፣ «አይቶ»፣ «ተመልሶ»፣ «ተቀምጦ» እያልን ድርጊትን በድርጊት ላይ ስንቀጥል ውለን ማሰሪያውን ማዘግየት እንችላለን። አንባቢው እስትንፋሱን ይዞ ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃል። (ከሰባክያን ወንድሞቻችን አንዳንዶቹ ማሰሪያው ሳይመጣ መርሐ ግብሩ እንደሚያልቅባቸው ታውቃላችሁ። በፍቅር ነው የምናገረው።)

ርዝመት ራሱ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። «የቴዎድሮስ እንባ» በታተመበት በ1958 ዓ.ም. የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ታትሟል። ሐዲስም በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። የእርሳቸው ዐረፍተ ነገር ግን ሰፊና ታጋሽ ነው፤ ቤቱንም፣ ሰውየውንም፣ የሰውየውን ጋቢ አጣጣልም እየዞረ ያሳያል፤ እንደ ባላገር ጨዋታ ቶሎ አይነሣም። ሁለት በቤተ ክርስቲያን ጥላ ያደጉ ደራስያን፣ በአንድ ዓመት፣ በሁለት ልዩ ልዩ እስትንፋስ ጻፉ። ወጣቶች ሆይ፣ «የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልስ የማጣው ለዚህ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እኔው የጻፍሁት ስለ ሆነ እንዳሻችሁ ተቹት፦ «ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልጇን አዝላ፣ የቀረውን እህል በአቁማዳ ቋጥራ፣ በሩን ዘግታ፣ ቁልፉን በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ወደ ኋላዋ ሳትመለከት ወጣች።» ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሰዋስዉም ደኅና ነው። አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ፦ «ልጇን አዘለች። በሩን ዘጋች። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ወጣች።» በመጀመሪያው ቁልፉ በጉዞው ውስጥ ሰጠመ፤ ከእህሉና ከጀንበሯ ጋር ተቀላቅሎ አለፈ። በሁለተኛው ቁልፉ ብቻውን ቆመ። አንባቢው ይጠይቃል፤ የምትሸሽ ሴት ቁልፍ ለምን ታስራለች? ልትመለስ ነዋ! ያ ተስፋ የተነገረው ስለ ተስፋ አንድም ቃል ሳይጻፍ ነው።

ነገር ግን እንዲህ ያለውን አጭር ዐረፍተ ነገር ለሦስት ገጽ ብትቀጥሉበት አንባቢው ይደክማል። ይህን ለጎንደር ልጆች ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከበዓታ ለማርያም የአቋቋም ጉባኤ ርቀን አልኖርንምና። ማሕሌት ቆማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሊቃውንቱ በዝማሜ ይጀምራሉ፤ መቋሚያው በቀስታ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ ቁም ይመጣል፤ ከበሮው ገብቶ መረግዱ ይከተላል፤ በመጨረሻ ጭብጨባው ሲፈጥን ጽፋት ይሆናል፤ ያን ጊዜ በቅኔ ማሕሌቱ የቆመ ሁሉ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ከመሬት የተነሣ ይመስለዋል። በጽፋት የሚጀምር ማሕሌት ግን አይታችሁ ታውቃላችሁን? ልብ የሚነሣው ከዝማሜው ዝግታ በኋላ ስለ መጣ ነው። በጽሕፈትም ቁልፉን የምታሳየዋ አጭር ዐረፍተ ነገር ኃይል የምታገኘው ከእርሷ በፊት ረዘም ያለ፣ ጋራውንና መንገዱን ያሳየ አንቀጽ ሲቀድማት ነው። ደራሲ ብርሃኑን ስታነቡ ጆሯችሁን በዚህ ላይ ጣሉ፤ አጭርነታቸው የጋዜጣ ቢሆን እንኳ ምቱ የከበሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሊከራከሩኝ ይችላሉ።

አሁን ወደ ደከመችው ብዕር ልመለስ። ያደግሁት ደባርቅ ነው፤ የምኖረው ጎንደር። ከልጅነቴ ጀምሮ ለበዓላት መንፈሳዊ ድራማ፣ ለግድግዳ መጽሔት አጫጭር ትረካ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ፣ እስከ ጭና ድረስ በመጣ ጊዜ ከአካባቢው ብዙ ሰው ተፈናቀለ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት አንዲት እናት ታሪካቸውን ነገሩኝ። ቤታቸውን ዘግተው ወጡ፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረው ነበር። በመንገድ ዳር፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ የቆሰለ ወጣት አገኙ። በኮዳቸው ለልጅ ልጃቸው ያስቀሩት ጥቂት ውኃ ነበር፤ አጠጡት። «የማን ወገን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ ጠምቶት ነበር» አሉኝ። ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተ ትጽፋለህ ይሉሃል፤ ይህን ጻፈው» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር መጻፍ አልቻልሁም፤ ይህንንም መጻፍ አልቻልሁም።

እንዲህ ያለው ድርቀት ሲመጣ ስሙን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለምና። አንዱ አበው ሐኬት የሚሉት ነው። ቅዱስ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ በስልቹነት ተይዞ፣ ሐሳቡ ተበታትኖ ምን ላድርግ ብሎ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ ይላል የአበው ታሪክ። ጥቂት ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል ሰው አየ፤ ተቀምጦ ሰሌን ይታታል፤ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ዳግመኛ ተቀምጦ ይታታል። መልአክ ነበር። የተሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ እንደዚህ አድርግ የሚል። በዚህ ታሪክ ደስ የሚለኝ፣ መልአኩ ስለ ስልቹነት አንዳች ትምህርት አለመስጠቱ ነው፤ ሰሌን ታታ እንጂ አልሰበከም። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ተከትሎት ይመጣል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ድካሙ ከዚህ ወገን የሆነበት ሰው ካለ፣ ታላቁን ድርሰት ትቶ በቀን አንዲት አንቀጽ ይታታ፤ የሰማውን ወግ፣ ያየውን ሰው አረማመድ ይጻፍ። የቀድሞ ቁም ጸሐፊዎቻችን ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። የብራና መጻሕፍትን መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ ቅጠሎች ተመልከቱ፤ ብዕር የተሞከረባቸው ጭረቶች፣ ፊደላትና ቃላት ታገኛላችሁ። መቃው በደንብ መቀረጹን፣ ቀለሙ መውረዱን እየፈተኑ ነው። ዳዊቱን ወይም ገድሉን ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ ከምንም የማይቆጠር ነገር ይጽፍ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ዝምታ ኀዘን ነው፤ ይህን ሐኬት ብሎ መገሠጽ በደል ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን በመሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ተናገሩ። ሰባቱ ቀን ከተናገሩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው ብዕር የሚያወጣ ሰው አያስደስተኝም።

ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ነው፤ የእኔም ይህ ነበር። ሰውየው «ፍላጎቴ ጠፋ» ይላል፤ የጠፋው ግን ለያዘው ነገር የሚስማማው አነጋገር ነው። በእጁ የያዘው ከባድ ነው፤ የለመደው ዐረፍተ ነገር አይሸከምለትም፤ ደጋግሞ ይሞክርና ብዕሩን ይጥላል። ከውጭ ሲታይ ስንፍና ይመስላል።

ችግሬን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ሁሉ የሚገጥም ይመስለኛልና። በልብ ወለዳችን ልማድ ተራኪው ስለ ገጸ ባሕርይ ሲናገር «መጣ፣ ሄደች» ነው የሚለው። እኔ ግን እኒያን እናት «ወጣች»፣ «ዘጋች» ብዬ ስጽፍ እጄ እንቢ አለኝ። ፊት ለፊት «እማማ፣ እርስዎ» ያልኋቸውን ሰው ከኋላቸው «እርሷ» ማለት ስድብ መሰለኝ። «ዘጉ»፣ «ወጡ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ «ወጡ» አንድ ሽማግሌ ሴት ይሁኑ ወይስ መንደሩ ሁሉ አይለይም። አክብሮቱም ከአንባቢው አራቃቸው፤ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው። ቀደም ብዬ ያሳየኋችሁ ሁለቱ ምሳሌዎች ከዚያን ጊዜ ሙከራዎች የተረፉ ናቸው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከደራሲ ብርሃኑ የመጀመሪያ መጽሐፍ ርእስ ነው ብል አታምኑኝ ይሆናል። «ደብዳቤዎች»። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «እኔ» ይላል። «እኔ» አንቱም አንተም የለበትም፤ ለእናትም ለሕፃንም አንድ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በሩን ዘጋሁት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርሁት።» ያን ጊዜ አክብሮቱ ከግሡ ወጥቶ በድምፃቸው ውስጥ ገባ። ማታ ነበር፤ መብራትም አልነበረም፤ በስልኬ ብርሃን ስጽፍ አመሸሁ። ፍላጎቴ ከየት ተመለሰ? ከየትም አልተመለሰም፤ መቀመጫ ስላጣ ቆሞ የጠበቀ እንግዳ ነበር።

ሌላው ፈተና ስለ ወጣቱ ነው። በዚህ ነገር «የማን ወገን ነበር?» የማይለኝ አንባቢ እንደሌለ አውቃለሁ። ልጁን ያጣ ሰው ይህን ትረካ ሲያነብ ሊቆጣኝ ይችላል፤ ቁጣውም ከንቱ አይደለም። እዚህ ላይ ደግሞ ከደራሲ ብርሃኑ የምማረው አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በስሜን ደጋ፣ በደረስጌ ማርያም ነገሡ። እኒሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ከጎንደር የሄዱት የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ ተከማችተው፣ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ ዛሬም ብዙዎቹ በለንደን አሉ። የዚህች የተቃጠለች ከተማ ልጅ የሆኑ ደራሲ መጽሐፋቸውን «የቴዎድሮስ እንባ» ብለው ሰየሙት። የከተማይቱ እንባ ሳይሆን የንጉሡ! ሃያ አንድ ዓመት ቆይተው፣ ስለ ሌላ ነገር ጽፈው፣ በ1979 ዓ.ም. በ«የታንጉት ምስጢር» ወደዚያው ዘመን ተመለሱ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። አንድ ጸሐፊ ወደ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚመለሰው ነገሩ በመጀመሪያው አነጋገር ተነግሮ ስላላለቀ ይመስለኛል። የቃጣይን እንባ መጻፍ የተቃጠለውን መርሳት እንዳልሆነ ከእርሳቸው ድፍረት እረዳለሁ። በእርሳቸውና በእሳቱ መካከል ግን መቶ ዓመት ነበር። በእኔና በዳባት መንገድ መካከል ያለው ጥቂት ዓመት ነው። «ማዕበል»ን ሲጽፉም የወሎው ረኃብ ገና ትኩስ ነበር፤ ስለዚህ ጊዜ ማለፉ ብቻውን መልስ አይሆነኝም።

ለጊዜው የወሰንሁት ይህን ነው፤ ወገኑን አልጽፍም፤ እርሳቸው አልጠየቁትምና እኔም አልጠይቀውም። ይህንን ውሳኔ ከሰሙት የክፍላችን አባላት አንዱ «እንግዲያው በላኤ ሰብእን ጨምርበት፤ ጥርኝ ውኃው ይገጥማል» አለኝ። እውነት ነው፤ ይገጥማል። በየዓመቱ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት ያንን ተአምር እንሰማለን፤ ፍጻሜውን እያወቅን እንደገና እናለቅሳለን። በሚዛን ላይ ያ ሁሉ ኃጢአት በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውኃ በሌላው። ተራኪው ስለ ውኃው ቀዝቃዛነት ወይም ስለ ድኻው ከንፈር መድረቅ አያስጌጥም፤ «ጥርኝ» ብቻ ይላል። ነገር ግን ጎንደር ውስጥ ውኃ ያጠጣ ሰው ታሪክ ሰምቶ በላኤ ሰብእን የማያስብ ምእመን የለም። የሚያውቀውን ብነግረው ማሰቡን እነጥቀዋለሁ። ድራማዎቻችን ሁሉ መጨረሻቸው ላይ አንድ ተራኪ ወጥቶ «ከዚህ የምንማረው» እያለ ያስረዳል፤ ተመልካቹም በዚያን ጊዜ ነጠላውን ማስተካከል ይጀምራል። ይህን ለክፍላችን ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ እስካሁን በድምፅ ብልጫ እየተሸነፍሁ ነው።

የኔታም፣ አቋቋም ያስተማሩኝ፣ ስለ ድርሰት ነግሬያቸው አያውቁም ነበር፤ ባለፈው ሰሞን ግን ጠየቁኝ። «ምን ያህል ጻፍህ?» አሉኝ። «አንድ ገጽ» አልኋቸው። «በስንት ጊዜ?» «በሁለት ዓመት።» ሳቁና መቋሚያቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ፤ «ገና ዝማሜ ላይ ነህ» አሉኝ።

አሁን ያለችኝ ያቺ ገጽ ናት። መንገዱ አለ፤ ቁልፉ አለ፤ ኮዳው አለ። ወጣቱ ከጠጣ በኋላ ምን እንዳለ እናቲቱን ጠይቄያቸው ነበር። «ጠጣ» ብቻ አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ይህች አንዲት ቃል በገጹ ላይ የት እንደምትቀመጥ ገና አላወቅሁም። ረዘም ካለው አንቀጽ በኋላ ብቻዋን ትቁም ወይስ የልጅ ልጃቸው ካለቀሰበት ዐረፍተ ነገር ጋር ትሂድ? ሁለቱንም በዚህ ሳምንት እየጻፍሁ አያለሁ። የሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ለኪነ ጥበብ ክፍሉ አነባለሁና የምትችሉ ኑ፤ የጻፋችሁትንም ይዛችሁ ኑ፤ ግማሽ ገጽም ቢሆን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።